አይጦቹ ሽቦውን እስኪለቁ

ኦረስት ሦስተኛውን መርፌ አልወጋም ያለው ለሐኪሙ አይደለም፤ በረት ውስጥ፣ ለላሞቹ ነው። ላሞቹ አልተቃወሙትም። ልጁ ሌስያ ግን መኖ የሞላ ባልዲ ይዛ ከኋላው ቆማ ሰማችው።

መርፌው የፕሮስቴት ካንሰሩን ቀለብ የሚቆርጥ ነው። ካንሰሩ የሚፋፋው በወንድነት ሆርሞን ስለሆነ ሐኪሞቹ ሆርሞኑን ከነጭራሹ ያጠፉበታል። ካንሰሩስ በርግጥ ተኝቷል። ግን ያ ወይፈን በቀንዱ ይዞ ይጥል የነበረ ሰውዬ ክንዱ ሟሸሸ፤ አንገቱ በሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ዋኘ።

«ታቶ፣» አለችው፤ የካናዳዋ ሳስካችዋን ዩክሬናውያን አባታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ «ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ጥጃ ስሰልብ ኖርኩ። አሁን ደግሞ እኔኑ ሰንጋ አደረጉኝ።»

«ሰንጋ እኮ ይሰባል። አንተን ማን ይገዛሃል?»

ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ባልዲውን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ «ተወው፣ እኔ አለሁ» ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። ሳቁ እዚያው ቀረ። «አልሄድም አልኩ፣ አልሄድም!» ብሎ ጥሏት ወጣ።

ሌስያ ከተማ ወርዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ከአይጦች ጋር ነው የምትውለው። ሥራዋን ለአባቷ ዘርዝራ ነግራው አታውቅም፤ ምን ብላ ትንገረው? የምታጠናው ወንዴ አይጦች ሲሰለቡ ጡንቻቸው ምን እንደሚሆን ነው። አይጡ በፊት እግሮቹ የሽቦ ወንፊት ይጨብጣል፤ እሷ ጅራቱን ይዛ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ትጎትተዋለች፣ እስኪለቅ። መሣሪያው የጭብጡን ኃይል ይናገራል። ጎታቹ የትኛው እንደተሰለበ እንዳያውቅ ደግሞ የየሳጥናቸው ካርድ ይሸፈናል።

የዚያን ዕለት አለቃዋ ሃልዶርሰን ውጤቱን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። «የተሰለቡት ጡንቻ ሲለካ እኮ ይህን ያህል አልቀነሰም። ጭብጣቸው ግን የለም ማለት ይቻላል። እስቲ ዞር በይ፣ እኔ ልጎትት።»

ጎተተች። አይጡ ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮውን አጠፈ፣ ሽቦውን ግን አልለቀቀም። ሃልዶርሰን መጎተቷን አላቆመችም። ቆይቶ፣ ቆይቶ ነው የለቀቀው። ካርዱ ሲገለጥ የተሰለበ ነው።

«የተሰለቡትን ታውቂያቸዋለሽ፣ አይደል?»

«ካርዱ ተሸፍኗል እኮ።»

«ስለ ካርዱ ማን ጠየቀሽ?»

ታውቃቸዋለች። አይደባደቡም፤ ጀርባቸው ላይ የንክሻ ጠባሳ የለም። እጇ ላይ ዝም ይላሉ።

«ገና ሲንቀጠቀጡ ታወርጃቸዋለሽ» አለች ሃልዶርሰን።

«አሳዝነውኝ ነው።»

«እዘኚላቸው፣ ማን ከለከለሽ! አቅማቸውን ግን አትንጠቂያቸው። በይ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይለካል፤ የሚጎትተውም ሌላ ሰው ነው።»

ሌስያ ማታ ቤት እንደደረሰች ኮቷን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ በረቱ ገባች። አባቷ የድርቆሽ እስር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ነገረችው፤ መሰለቡንም፣ ሽቦውንም፣ የሃልዶርሰንን ቁጣም።

«እና አይጡ ሳይለቅ አንቺ ታወርጂዋለሽ?»

«አዎ።»

ቀና ብሎ አያት። «እንዲህ የምታዝኚው ለአይጦቹም ነው እንዴ?»

ፊቷ ጋለ። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሌሎችም አሉ» አለች። «ጅራታቸው ላይ ክብደት አስረን መሰላል የምናስወጣቸው። እነሱም ተሰልበዋል። ግን ሸክም እየተሸከመ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ሆርሞኑም ይፋፋል።»

«የጠፋው ሁሉ ይመለሳል?»

ልትዋሸው ቃጣት። «ሁሉም አይደለም ታቶ። ከፊሉ።»

«ምን ያህሉ?»

«አላውቅም። አንተ አይጥ አይደለህም።»

«ነፍሷን ይማረውና እናትሽ ይህን ብትሰማ ትከራከርሽ ነበር።»

ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡ። «መርፌውን ተወጋልኝ» አለችው። «ቆይልኝ። የበረቱን ሥራ ከእጅህ አልነጥቅህም።»

«ብወድቅስ?»

«ላሞቹ ይጠሩኛል።»

ሻካራ እጁን አናቷ ላይ ጣል አደረገ፤ ጨለማው በረቱን እስኪሞላ ሳያነሳው ቆየ።

ጠዋት የመኪናው መስታወት ሁሉ በረዶ ጋግሮበት ነበር። ኦረስት ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ መፋቂያውን ያዘ። ሌስያ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ትንሽ ይፍቃል፣ ይቆማል፣ ትንፋሹ ይጨሳል፣ መልሶ ይፍቃል። ከቀጠሮው እየዘገዩ ነው። ሁለት ጊዜ የበሩን እጀታ ጨበጠች፤ ሁለት ጊዜ ተወችው። በመጨረሻ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ቀብራ ተቀመጠችባቸው።

በተፋቀው መስታወት በኩል የአባቷ ፊት ብቅ አለ። ቀልቷል፣ አልቦታል።

«ምን ያስለቅስሻል? ይልቅ ማሞቂያውን ክፈቺው!» ብሎ ጮኸባትና በሌላው ጎን ያለውን ሊፍቅ ዞረ።