ሃምሳ የሚለው ጠርሙስ

እህቴን ከሥራ ያስባረርኳት የመሰለኝ ቀን ጥፍሬን ቀይ ተቀብቼ ነበር። ጥፍሬን የማነሳው ለመኩራራት አይደለም፣ ኋላ ይመጣል።

እህቴ ቀያሽ ናት። ረጅም ስለሆነች፣ ሥራም የጀመረችው የመለኪያ ዘንግ በመያዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ ዘንግዬ ነው የምንላት። ባለፈው ዓመት ለድልድይ የሚሆን ቦታ ሊለኩ ወንዝ ዳር ወርደው፣ በአሥረኛው ቀን ወባ ጥሏት ተሸክመው መለሷት። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛች። ስትነሳ ቦታዋን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ስንት ደጅ ጠንታ ዘንድሮ ያው ቡድን መልሶ ወሰዳት። አለቃዋ ግን ቁርጡን ነገራት። "ይቺን ሃያ ቀን ሳትታመሚ፣ ዕቃም ሳታበላሺ ከጨረስሽ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልሆነ አንተያይም።"

እማዬ ይሄን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች። "የትንኝ መከላከያውን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ፋርማሲ ትሠሪ የለ?"

ፋርማሲ እሠራለሁ ስል እንግዲህ፣ ትምህርት ከጨረስኩ ሁለት ወር ነው፣ ፋርማሲ ከገባሁ ደግሞ ሦስት ሳምንቴ። ካርቶን እከፍታለሁ፣ መደርደሪያ እወለውላለሁ፣ አለቀ። ቤት ውስጥ ግን ዶክተር ተደርጌያለሁ። እኔም አልካድኩም።

"ትልቅ ቁጥር ያለውን አምጪ" አለች እማዬ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። ለእሷ ትልቅ ቁጥር ምንጊዜም ከትንሽ ቁጥር ይሻላል፣ በቃ።

ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓይነት ነበር። ዲት የሚባለው ሃያ ፐርሰንትና ሃምሳ ፐርሰንት፣ ከዛ ደግሞ ማንም ጠይቆት የማያውቅ ፒካሪዲን የሚባል፣ እሱም ሃያ። ሃምሳውን አነሳሁ። ፋርማሲስቷ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

"ለማን ነው?"

"ለእህቴ። ረግረግ ውስጥ ልትሠራ ነው።"

"ቁጥሩ እኮ ጉልበት አይደለም። ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆይ ነው የሚነግርሽ። በእጇ ምንድነው የምትነካው?"

"ትንኝ ነዋ!"

"ልጅቷ ትንኝ በእጇ ልትለቅም ነው የምትሄደው? ሥራዋን ነው የጠየቅኩሽ።"

"ኧረ ውጭ ነው የምትሠራው፣ ውጭ!" ብዬ ከፍዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ደንበኛ ገባ፣ ወሬያችንም እዛው ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዘንግዬ ሻንጣዋን ይዛ ልትወጣ ስትል እማዬ በሩን ዘጋችባት። "ከአሁኑ ተቀቢ።"

"እማ፣ እዚህ ምን ትንኝ አለ?"

"መሥሪያ ቤታችሁ ጓሮ ያ የገማ ቦይ አለ አይደል? ተቀቢ ብያለሁ።"

ዘንግዬ ክንዷን፣ አንገቷን፣ የእጇን ጀርባ ተቀባች። እኔም አላስችል ብሎኝ ትንሽ አስጨምቄ እጄን አሸሁ። ሳመችኝና ሄደች። መኪናው የሚነሳው አራት ሰዓት ላይ ነው።

ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ ቆየሁ። ላስቀምጠው ስል የፕላስቲክ ከቨሩ አውራ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ሳላቅቀው የጣቴ አሻራ ከነመስመሩ እንደ ማኅተም ታትሞበታል። ጥፍሬን አየሁ። ቀዩ ቀለም ተጨማዶ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። የመከላከያው ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ስለነበር ጀርባውን አነበብኩ፣ ያቺን በጉንዳን ፊደል የተጻፈችውን። "ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ ዕቃ፣ የሰዓትና የመነጽር መስታወት ሊያበላሽ ይችላል።"

የዘንግዬ እጅ ትዝ አለኝ።

ዘንግዬ መሬት ስለሚለኩበት የመቀየሻ መሣሪያ ስታወራ ስለ አራስ ልጅ የምታወራ ነው የሚመስለው። ስክሪኑ ፕላስቲክ፣ ቁልፎቹ ፕላስቲክ። ቡድኑ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ቀያሽ ተራ በተራ አቁሞ ይፈትሸዋል። ደወልኩላት። ዝግ ነው። አለቃው ፍተሻ ላይ ስልክ አያስከፍትም።

ሮጥኩ። ፋርማሲው መንገዴ ላይ ነው፣ ዘው ብዬ ገባሁ። "ፕላስቲክ የማይበላው የቱ ነው?"

ፋርማሲስቷ ትንፋሼን ሰምታ ሌላ አልጠየቀችም። ፒካሪዲኑን አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው።

"ሃያ ነው እኮ!"

"ሃያ ነው፣ ስምንት ሰዓት ግድም ይቆያል። ካላበች ደግማ ትቀባ፣ ማታ አጎበር ውስጥ ትተኛ። ያንን በሳሙና ትታጠበው። በሥራዋ የምትነካውን ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ..."

ቀሪውን አልሰማሁም።

መሥሪያ ቤታቸው ግቢ ስደርስ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። መኪናው ተጭኗል። ሰዎቹ መሣሪያውን ከበው ቆመዋል። መሃል ላይ አለቃው አለ፣ ጋሽ ውኃልክ የሚሉት። መጋረጃ እንኳ ተንጋዶ ካየ ሳያቃና አያልፍም አሉ። የስክሪኑን ጥግ እያሳየ ነው። እዛ ጥግ ላይ አንድ የደበዘዘ አሻራ አለ።

"ማነው?" አለ።

ሰዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

"እኔ አልነካሁትም ጋሼ፣ ተራዬ ገና ነው" አለች ዘንግዬ።

"ከሣጥኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ከእኔ በቀር ማንም አያወጣውም። ሣጥኑ አጠገብ የቆምሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ምንድነው የተቀባሽው? ከበር ነው የሸተትሽኝ።"

እስክሪብቶውን አውጥቶ ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ሰረዘ። የማን እንደሆነ የእህቴን ፊት አይቼ አወቅኩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው!" ብዬ መሃላቸው ገባሁ። "እኔ ነኝ የመረጥኩላት፣ ይኸው ስልኬንም በልቶታል፣ ጥፍሬንም፣ እሷ አታውቅም፣ ስሞትልዎ ጋሼ!"

ጋሽ ውኃልክ ከቨሩን ተቀብሎ ከስክሪኑ ጎን ያዘው። አቀላለጡ አንድ ዓይነት ነው። "በሉ እንግዲህ" አለ። "ማስረጃው በእግሩ መጣ።"

ዘንግዬ ዓይኗን ጨፈነች። "አንቺ ለፍላፊ" አለች በቀስታ። "ምናለ ዛሬን እንኳ ዝም ብትይ።"

ሁለቱ አሻራዎች ግን ዓይኔ ሥር ናቸው። የኔ ትንሽ ናት። የስክሪኑ ደግሞ የማንኪያ አፍ ያህላል። የዘንግዬ ጣት እንደ እርሳስ ነው፣ እንዲህ ያለ አውራ ጣት በሕልሟም የላት። ስክሪኑን የያዘውን የጋሽ ውኃልክን እጅ አየሁ። ከዚያ እጁ ላይ ያሰረውን ሰዓት። የሰዓቱ መስታወት ጉም የለበሰ ይመስላል። ከጀርባው፣ መኪናው ላይ፣ አንድ የተከፈተ ካርቶን አለ። ሃምሳ ይላል።

"ጋሼ" አልኩ። "ይቅርታ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ምን?"

"ሰዓት። ስንት ይላል?"

እጁን አነሳ። ዓይኑን አጠበበ። ወደ ብርሃን አዘነበለው። በአውራ ጣቱ ጠረገው፣ ባሰበት። እንደገና ጠረገው። ከዚያ አውራ ጣቱን አየ፣ ስክሪኑን አየ።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ ጠዋት ከካርቶኑ ሲቀቡ አይቼዎት ነበር። ትናንት ማታም።"

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለውን ተረት ያን ሰዓት ማለት አያስፈልግም ነበር። አላልኩም፣ ግን ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው፣ ሙች።

ጋሽ ውኃልክ ሰዓቱን ፈታና ኪሱ ከተተ። "ሳሙና" አለ። ቧንቧው ጋ ሄዶ እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ጥፍሩን ሳይቀር ፈተገ። ሲመለስ የማንንም ፊት አላየም።

"ተራሽ ነው" አላት ዘንግዬን። "ታጠቢና አቁሚው።"

ይቅርታ አላለም። ዘንግዬ ታጠበች፣ ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ተከለች፣ የውኃ ልኳን አረፋ መሃል አመጣች።

"ይነበባል?"

"ጥጉ ላይ ነው ጋሼ፣ ቁጥሮቹን አልነካቸውም። ይነበባል።"

ዝርዝሩን አወጣ። የተሰረዘውን ትቶ ከታች ስሟን እንደ አዲስ ጻፈው፣ ቀጥ ባለ መስመር። "ይሄኛው ፕላስቲክ አይበላም ጋሼ" ብዬ ፒካሪዲኑን ሳሳየው ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ባለ ጥፍሯ፣ ሃያው ስንት አላችሁ?"

"ይቺ ናት፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ አሥራ አንድ።"

"ሁሉንም። ሹፌሩ ይውሰድሽ።"

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፣ ጋሽ ውኃልክ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ አሉ። ዘንግዬ በመስኮት እጇን አውጥታ እስከ መታጠፊያው አውለበለበችልኝ። ሳሙና ሳሙና የሚሸት እጅ።

እማዬ ወዲያው ደወለች። "ሃምሳውን ይዛ ሄደች?"

"ሃያውን ነው የያዘችው እማ።"

"ሃያ?! አንቺ ልጅ፣ ልትገያት ነው? ሠላሳ አጉድለሽ!"

"ስመጣ እነግርሻለሁ" አልኳት። "ለጊዜው አጎበሯን መያዟን ብቻ ንገሪኝ።"

"ራሴ ነኝ ያጣጠፍኩላት።"

ያኔ ነው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ያልኩት፣ የቀረውን የጥፍር ቀለም እየላጥኩ።