የሰላምታ ሰከንዶች

ፍሥሐን ያንገበገበው የውባንቺ ጉብዝና ብቻ አልነበረም፤ ሳትለፋ መጎበዟ ነበር። ለእሱ እንዲያ ነው የሚታየው፣ ቅናት መቼ ደህና ዐይን አለው! ሁለቱም ጂንካ ውስጥ የመንገድ ምህንድስና መምህራን ናቸው፤ ለዶክትሬት የሚላከው ግን አንድ ሰው ነው። ፈተናውም አንድ ነው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው መገንጠያ ላይ የሚፈጠረውን የተሽከርካሪ ሰልፍ በኮምፒውተር ሞዴል አስመስሎ ማሳየት።

ፍሥሐ ስድስት ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ቆሞ ባጃጁን፣ አይሱዙውን፣ ሞተሩን ቆጥሯል። ቀመሩ ልክ፣ ፍጥነቱ ልክ። ሞዴሉ ግን ሰባት ያሰልፋል፤ መንገዱ ላይ የሚቆሙት ሃያ ሦስት ናቸው። የውባንቺ ሞዴል ሃያ ሁለት አለ። ይህን የሰማ ቀን እህል አልወርድለት አለ። «የአገሯ መንገድ ስለሆነ ነው» እያለ ራሱን ቢያጽናናም አልተጽናናም።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ እሷ ኮምፒውተሯን ሳትዘጋ ከቢሮ ወጣች። የፍሥሐ ሞዴል አስቀድሞ ለገምጋሚዎቹ ገብቷል፣ አይታረም። ተነሥቶ የእሷን ፋይል ከፈተ። ከፍጥነት ቀጥሎ «ሰላምታ» የሚል ዓምድ አለ። ሁለት ሾፌሮች መንገድ መሀል ሲገናኙ ቆመው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ የሚጠያየቁበት ጊዜ ነው፤ በአማካይ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። እሱ ሲቆጥር እንዲህ የቆሙትን ሁሉ «የተበላሸ ልኬት» ብሎ ሰርዟቸው ነበር።

«ለዚህች ነው?» አለ። ሠላሳ ስምንቱን አጥፍቶ ዜሮ ጻፈና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሰኞ ውባንቺ ገምጋሚዎቹ ፊት ሞዴሏን አስነሣች። ባጃጆቹ ሳይቆሙ እየተላለፉ ሽው አሉ። ሰልፉ ሰባት ብቻ ሆነ። ፍሥሐ ደስታውን ዋጥ አደረገ። እሷ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን ትክ ብላ አየች።

«ምነው፣ ሰዎቹን ማን አኳረፋቸው?» አለች።

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ያልሳቀው ፍሥሐ ብቻ ነው። ውባንቺ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ በእጇ የመዘገበችውን ቁጥር መልሳ አስገባች። ሃያ ሁለት። ዕድሉም ያኔውኑ የእሷ ሆነ።

ሲወጡ በሩ ላይ ጠብቃ እጁን ያዘችው።

«ደህና ነህ ወይ ፍሥሐ? እናትህስ ተሻላቸው? እህትህስ በሰላም ተገላገለች?»

ሁለት ዓመት አንድ ቢሮ ተቀምጠው እሱ የእሷን እናት ስም እንኳ አያውቅም። እስካሁን የቀናው በሞዴሏ ነበር፤ አሁን እንዲህ ብሎ መጠየቅ መቻሏ አስቀናው። ያ ደግሞ ይብስ ነበር።

«ውባንቺ፣» አለ አንገቱን ደፍቶ፤ «ቁጥሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ከአንተ በቀር ቢሮው ውስጥ ማን ነበረ?» እጁን አልለቀቀችም። «እናትህስ? አልመለስክልኝም እኮ።»

ስለ እናቱ ይነግራት ጀመር። ከኋላቸው ገምጋሚዎቹ መውጫ አጥተው ተሰልፈዋል።