ሦስት ካርቡራተር በዘንቢል

ለተንኪኤል መኪናዋን ለመካኒኳ ለዑቅባዝጊ ልታስረክብ ያሰበች ዕለት፣ ጠዋት ከቅዳሴ እንደተመለሰች ከኋላ ያለውን የሞተር ክዳን ከፈተች። ከጧፏ ላይ ሰም ቆንጥራ፣ በመዳፏ አሽታ አለሰለሰችና ካርቡራተሩ ሥር፣ ሰው በማያየው በኩል፣ በአውራ ጣቷ ለጠፈችው። ከዚያ በጥፍሯ መስቀል ሠራችበት።

«ጌታዬ፣ ክፉ አስቤ እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ» አለች። አስባ ነበር እንጂ።

ነገሩን ጆሮዋ ውስጥ የጨመረችው ጎረቤቷ ብሪክቲ ናት። «መካኒኮቹ የጣሊያኑን ካርቡራተር ይፈቱና 'ያንቺ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ' ይሉሻል። ከዚያ ያንኑ የራስሽን አወልውለው መልሰው ይሸጡልሻል። ወንድሜን እንዲህ አይደል የሠሩት!»

«ዑቅባዝጊ እንኳ እንዲህ አያደርግም።»

«የወንድሜም መካኒክ የሰበካ ጉባኤ አባል ነበር፣ እመቤቴ!»

ትንሿ ፊያት ሰይቼንቶዋ የሽርሽር መኪና አልነበረችም። የለተንኪኤል ባል፣ አቦይ ብስራት፣ የስኳር በሽታ ዓይኑን ከወሰደበት ሦስት ዓመት ሆኖታል። አሁን ደግሞ እግሩ ላይ ቁስል ወጥቶ በሳምንት ሁለቴ ሐኪም ቤት እየሄደ ይታጠብለታል። ለተንኪኤል በሃምሳ ስምንት ዓመቷ መንዳት የተማረችው ለዚህ ነው። መኪናዋ ግን መብራት ላይ በቆመች ቁጥር እየጠፋች፣ ኋላም ጨርሶ አልነሳ ብላ ሁለት ቀጠሮ አለፈው። ነርሷ ቁርጡን ነግራታለች፦ «ሐሙስንም ካስቀራችሁ ስለ ጣቱ አላውቅም።»

የሰፈር ልጆች ገፍተው ጋራዥ አደረሱላት። ረቡዕ ስትመጣ ዑቅባዝጊ ሦስት ካርቡራተር ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጠበቃት።

«ይሄ የእርስዎ ነው አደይ» አለና አንዱን አነሳ። «ውስጡ አየር የምታስገባ ቢራቢሮ አለች፣ የሷ ዘንግ ተበልቷል። ይንኩት፣ እንደ አሮጌ ጥርስ ይነቃነቃል። አየር በጎን እየገባ ነው የሚያጠፋት።»

ለተንኪኤል አልነቀነቀችም። ገልብጣ ሥሩን አየች። ብረቱ ጥርት ብሎ ያብለጨልጫል። ሰምም የለ፣ መስቀልም የለ።

«ያኛውስ?»

«አዲስ ነው፣ ከዱባይ የመጣ። ሲያዩት ያምራል፣ ቤንዚን ግን እንደ ውሃ ይጠጣል። በኩፖን በሚታደለን ቤንዚን እሱን ማን ያጠግበዋል? ይሄኛው ይሻላል፣ ከመደበር፣ ከአሮጌ ብረት ገበያው ነው ያገኘሁት። መስተዋት ላይ አስቀምጬ አየሁት፣ ከሥሩ ብርሃን አያሳልፍም፣ አልተጣመመም። የጣሊያን ሥራ ነው፣ እንደ እርስዎው።»

«እንደ እኔው ሳይሆን የእኔው ነው!»

«እ?»

ቀምታው ገለበጠችው። እሱም ላይ ሰም የለም። ፍቆታል አለች በልቧ፣ ፍቆ፣ የሌላ ሰው ውዳቂ የእኔ ነው ብሎ ሊያሳየኝ!

«ምልክቴን አጥፍተህ የራሴን መልሰህ ልትሸጥልኝ ነው?»

ከወዲያ መኪና ሥር የተኙት ሁለት ሠራተኞች መዶሻቸውን አቆሙ።

«የምን ምልክት?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

«አደይ ለተንኪኤል፣ ይችን መኪና ሃያ ሁለት ዓመት ነው የያዝኩልዎት...»

«ለዚህ ነዋ የደፈርከኝ! ሦስቱንም ሌላ ሰው ያይልኛል።»

ዑቅባዝጊ አሮጌ ጋዜጣ ቀደደና እንዳይጋጩ እያንዳንዳቸውን ጠቅልሎ ራሱ ዘንቢሏ ውስጥ ደረደረላት። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «መኪናዋንም የሚሠራልዎት ሰው ያምጡ። እኔ እጄን አንስቻለሁ» አለ።

ገበያው ጋ አንድ መካኒክ አገኘች። ሰውየው ከመደበር የመጣውን እያገላበጠ ዓይኑ በስስት ፈጠጠ። «እማማ፣ ይቺን አሮጌ እኔ ጋ ይጣሏትና አዲሱን ልግጠምልዎት» አላት። ለተንኪኤል ከእጁ ነጥቃ ዘንቢሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አቦይ ብስራት እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ምን ተሸክመሽ ነው? ድንች እንዲህ አይንኳኳም።»

ያላሰበችው እንባ ቀደማትና ሁሉን ዘረገፈችለት። እሱ ፎጣ ጭኑ ላይ አስነጠፈና ሦስቱንም አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ዳበሰ፣ አስቀመጠው። ሁለተኛውን ዳበሰ፣ «ይሄ የጣሳ ልጅ ነው፣ አቀላሉ!» አለ። ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ ቆሙ።

«ይሄ የእኛ ነው።»

ዑቅባዝጊ «የእርስዎ ነው» ያላት እሱኑ ነበር።

«በምን አወቅህ?»

«ይቺ የብሎን ማሰሪያ ጆሮው ከረን መንገድ ላይ ተሰብራ በናስ ያስበየድኳት እኔ አይደለሁም? አንቺ ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ 'መኪናዋን ሽጣት' እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ። እይው፣ ዘንጉም አልቋል። እንደኔው አርጅቷል።»

«ምልክቴስ?»

«የምን ምልክት?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከጧፍ ሰም... መስቀል ሠርቼበት ነበር።»

አቦይ ብስራት እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ ሴት! የሞተሩ ሙቀት ቢተወው ቤንዚኑ ይተወዋል? ካርቡራተር በምን ይታጠባል መሰለሽ፣ በጠበል?» ከዚያ ሳቁ ቀጥ አለ። «ለመሆኑ ሦስቱን ስትወስጅ ምን አስያዝሽው?»

«ምንም።»

«ሌባ ያልሽው ሰውዬ ዕቃውን ሁሉ ያለ መያዣ ሰጠሽ?»

«እንዳይጋጩ ብሎ በጋዜጣ...» አለች። ዘንቢሉን አንስታ ወጣች።

ዑቅባዝጊ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረሰች። በሰው ፊት ስለሰደበችው ሁለቱ ሠራተኞች እስኪሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሰሙን ሳትደብቅ ሁሉንም ተናገረች። «በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «የትኛውን ልግጠም?»

«አንተ የመረጥከውን።»

«አይሆንም። በእጅዎ ነቅንቀው እርስዎ ይምረጡ።»

ነቀነቀች። የእሷው ተንገጫገጨ። የመደበሩ ንቅንቅ አላለም። «ይሄን» አለች።

ዑቅባዝጊ ከመሳቢያው ሞረድ አውጥቶ ሰጣት። «ምልክት ያድርጉበት። ይሄ በቤንዚን አይለቅም።»

«ተው እንጂ ዑቅባይ፣ አታዋርደኝ!»

«ማዋረዴ አይደለም። ምልክት ከሌለው ግን አልገጥምም።»

በሞረዱ ጠርዝ መስቀል ሠራችበት። መስቀሉ ጠማማ ሆነ። እሱ ተቀብሎ ወደ መኪናዋ ሄደ።

ሐሙስ በሰዓታቸው ደረሱ። መኪናዋ አንድም መብራት ላይ አልጠፋችም። «ድምፁ አማረ» አለ አቦይ ብስራት ጆሮውን ወደ ኋላ ሰጥቶ። ነርሷ ቁስሉን ፈታ አየችና፣ «ለጥቂት ደረሳችሁ፣ ጣቱ ይተርፋል» አለች።

ዑቅባዝጊ ከዚያም በኋላ መኪናዋን ይሠራላታል፣ ይስቃል፣ ስለ ልጆቿ ይጠይቃል። ብቻ የሚቀይረውን ሁሉ፣ አንዲት የዛገች ብሎን እንኳ ብትሆን፣ አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጣታል። «ያስቀምጡት አደይ» ይላታል።

አልጋዋ ሥር ያለው ካርቶን በአሮጌ ዕቃ ሞልቷል። ልትጥለው እጇ አልታዘዝ አላት። ውሰድልኝ እንዳትለውም አፍ አጣች።