ቢቸና ሞጣን፣ ሞጣ ቢቸናን

ኮምፒዩተርን ከዓባይ ወዲህ ያሻገርሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ነው የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ ኮምፒዩተሩንና ጄኔሬተሩን በመሥሪያ ቤቴ ላንድሮቨር ጭኜ ደጀን ስገባ የጭነት መኪና ሾፌሮች ምሳቸውን ጥለው ከበውኛል። ቢቸና ስደርስማ ለጳጳስ ያልተደረገ አቀባበል! የተላክሁት ለሰብል ጥናት ነበር፤ አባቴ ግቢ የጠበቀኝ ጉዳይ ግን ከሰብሉ የባሰ ሆነ።

ታናሽ ወንድሜ አካለ ወልድ ሞጣ ላይ አንዲት ልጅ አጭቷል፤ ሰብለ ወንጌል ትባላለች። ችግሩ ማጫው ነው። በእኛ ዘንድ ሁለቱም ወገን ለሙሽሮቹ መቋቋሚያ ከብት ይጥላል፣ እኩል ለእኩል። አባቴ አቶ ሣህለ ማርያም፣ "ሞጣ የጣለውን እጥላለሁ፤ እነሱ ይናገሩ" ብለው ማሉ። የልጅቱ አባት አቶ ወልደ ኪዳን ደግሞ፣ "ቢቸና የጣለውን እጥላለሁ፤ እነሱ ይናገሩ" ብለው ማሉ። ቀድሞ የተናገረ የተዋረደ ይመስለዋል። ሽማግሌ ክረምት ከበጋ ቢመላለስ አንዱም ንቅንቅ አላለም።

ያን ቀን አቶ ወልደ ኪዳን ለመጨረሻ ጊዜ ብለው ከሞጣ መጥተዋል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ ነገሩ ዛሬ ካልተቋጨ ልጅቱን ግንደወይን ላለ ሌላ ጠያቂ ሊሰጧት ነው። አካለ ወልድ በሩ ሥር ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይህ ነው ያስቸገራችሁ?" አልሁ። "ማሽኑን አውርዱት!"

አቶ ወልደ ኪዳን ሣጥኑን ዞረው አዩት። "ይህ ደግሞ ማጫ ያውቃል?"

"የማያውቀው የለም።"

ጄኔሬተሩን ሳስነሣው የጎረቤቱ ዶሮ ሁሉ አጥር ዘለለ። እኔ ለማሽኑ የምጽፍበት ቋንቋ እንደ ሌላው አይደለም፤ ሁሉ ነገር ፈንክሽን ነው። የሚፈልገውን ስታጎርሰው መልሱን ይሰጥሃል፣ ደጅ ያለ ዕቃ አይነካም። በአገሪቱ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ ሁለቱን ያስተማርሁ እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙን ሞጁል በሚባሉ፣ ለየብቻ በሚጻፉ ሁለት ክፍሎች ከፈልሁት። "ቢቸና" የአባቴን ቃል ያዘ፤ ሲጠየቅ ሞጣን ይጠራና የሞጣን ያህል ይላል። "ሞጣ" የአቶ ወልደ ኪዳንን ቃል ያዘ፤ ቢቸናን ይጠራል። ከቃላቸው ላይ ጠብታ አልጨመርሁም። ከዚያ ማሽኑ እንዲያነበው አዘዝሁ።

አላነብም አለ! ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጮክ ብዬ ተረጎምሁላቸው፦ "ሞጣን ሳላነብ ቢቸናን ማንበብ አልችልም፤ ቢቸናን ሳላነብ ሞጣን ማንበብ አልችልም።"

እናቴ ወይዘሮ ይርጋነሽ አማተቡ። "ኧረ በሥላሴ! የእኛን ጉድ ማን ነገረው?"

"ለዚህማ እኛ አለን" አሉ አቶ ወልደ ኪዳን። "ቤንዚን አንጠጣም እንጂ።"

ሰው ሳቀ። በእኔ! ደሜ ፈላ።

"ስም መጠራራት ይቅር!" አልሁና ከሁለቱም ሞጁል የሌላውን ስም ፋቅሁ። "ሞጣ" ከእንግዲህ ቢቸና የሚባል አገር መኖሩን አያውቅም፤ "የምጠይቀው ፈንክሽን አቀብሉኝ፣ እሱ ያለውን ያህል እላለሁ" ብቻ ይላል። "ቢቸና"ም እንደዚያው። ቀጥሎ "ሽማግሌ" የሚባል ሦስተኛ ሞጁል ጻፍሁ። ሁለቱን በስም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ቢቸናን ለሞጣ፣ ሞጣን ለቢቸና ያቀብላል። ማሽኑ ሁለቱን በፈለገው ተራ ያነባል፣ ሽማግሌን መጨረሻ ላይ ያነባል፤ የመጠራራቱ ክብ ተሰበረ።

ሦስቱንም እንደ ውኃ ጠጣቸው። እንዲህ አድርጎ የፈታ በዓለም የለም ብል ከእውነቱ ማሳነሴ ነው።

"አለቀ!" አልሁ። "አሁን ስንት ከብት እንደሆነ ይነግራችኋል።"

አስጀመርሁት። አካለ ወልድ አንገቱን አሰገገ። ማሽኑ አጓራ፣ አጓራ፣ ስክሪኑ ግን ባዶ ነው። በመጨረሻ "የማስታወሻ ቦታ አለቀብኝ" ብሎ ቆመ።

እኔ ራሴ ክው አልሁ። የስሙን ክብ እንጂ የጥያቄውን ክብ አልሰበርሁትም። ሽማግሌው ቢያስተዋውቃቸው ቢቸና ሞጣን ይጠይቃል፣ ሞጣ መልሶ ቢቸናን ይጠይቃል፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይቆለላል፤ ማንንም ሳይጠይቅ አንድ ቃል የሚተነፍስ የለም።

አቶ ወልደ ኪዳን ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። "በሉ ደኅና ሁኑ። በቅሎዬን ጫኑልኝ።"

"ጋሼ!" አለኝ አካለ ወልድ።

ጊዜ አልነበረም። "ቢቸና" ውስጥ ገባሁ፣ መጠየቁን አጠፋሁና በቦታው ቁጥር ጻፍሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው ደግሞ ቁጥር ከጻፈ አይቀር አንድና ሁለት አይጽፍም። ማሽኑ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ መለሰ፤ አነበብሁት፦

"ቢቸና፣ ሃያ በሬ። ሞጣ፣ ሃያ በሬ!"

የአባቴ ዋንጫ ከእጃቸው አምልጦ ተንከባለለ። አቶ ወልደ ኪዳን አንድ እግራቸውን ደጃፍ ላይ እንዳነሡ ደርቀው ቀሩ። ቢቸና የጣለውን እጥላለሁ ብለው የማሉ ሰው ናቸው፤ የሞጣን ገበያ ጠራርገው ቢነዱ ሃያ በሬ አይሞላላቸውም።

"አቶ ሣህለ ማርያም" አሉ ድምፃቸው ሰልሎ፣ "ሃያ ነው ያሉት?"

"እኔ መቼ አልሁ! ይኼ ቀጣፊ ነው እንጂ! ያሉኝ ሦስት፣ አንዱ አንካሳ!"

"ታዲያ ምን ይላሉ?"

"እግዜር ያሳይዎት፤ ከአንድ በሬና ከአንዲት ጊደር ወዲያ ከየት አመጣለሁ?"

"እኔም ያችኑ! ያችኑ ነው እንጂ!" አቶ ወልደ ኪዳን ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ፣ ያን ሃያ አሁኑኑ አጥፋ!"

"ማሽን አንዴ ከተናገረ እኮ..." አልሁ።

ሁለቱ አባቶች ዱላቸውን ባንድነት አነሡብኝ። ከክረምት ጀምሮ ባንድነት ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። አጠፋሁ። አንድ በሬ፣ አንዲት ጊደር ብዬ ጻፍሁ፤ ሞጣም ወዲያው ያንኑ መለሰ። አባቶቹ አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ሠርጉን ከጾሙ በፊት ላለው እሑድ ቆረጡ። አካለ ወልድ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት አቃተኝ።

እናቴ ከወለሉ ላይ ዋንጫውን አነሡ። "አንተ ለሠርጉ ና" አሉኝ፣ "ሣጥንህን ግን መኪናው ውስጥ ቆልፍበት።"