የቡላ ቀንድ

ባሌ ፒልሶ የበሬዬን ቀንድ በክር ሲለካ ያየሁት ሩዙ ተሰብስቦ ባለቀ ሰሞን ነው። በሬው ጭዱን ያመነዥካል፤ እሱ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ክሩን ከቀንዱ ሥር እስከ ጫፉ ይስባል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ክሩን እጅጌው ውስጥ ከተተ። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ቡላ የእኔ ነበር። ስድስት ዓመት የቃጫ ጨርቅ ሸምኜ በጥጃነቱ ያመጣሁት ነው። ማሳችንን የሚያርሰው እሱ፤ ሌላ በሬ በቤታችን የለም፣ በጎረቤትም የለም። የሰፈሩን ከብት ጦርነቱ በልቶታል።

የእኛ አገር የዬቾን ቀስት ሆዱ፣ ወደ ተኳሹ የሚዞረው ወገን፣ የጎሽ ቀንድ ነው። ቀንዱ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበር፤ ጦርነቱ ቆሞም መርከቡ አልመጣም። ከአምስት ትውልድ ቀስት ሠሪዎች አምስተኛው ፒልሶ ነው፤ አራት ዓመት አንድ ቀስት ከእጁ አልወጣም። አልሞከረም አይባልም። የፍየል ቀንድ ሞከረ፣ አጠረበት። የአጋዘን ቀንድ ሞከረ፣ አልታጠፍ አለው። ሆዱን በቀርከሃ ሠራው፣ በሦስተኛው ቀን የቀስቱ ጉልበት አለቀ። ከቄራ ያመጣው የላም ቀንድ ፍም ላይ ተሰነጣጠቀ፤ ጠግቦ የማያውቅ ከብት ቀንዱም እንደዚያው ነው።

ቀስተኞቹ አላዘኑለትም። በዒላማ ሜዳው ባለፈ ቁጥር፣ «ፒልሶ፣ ከቀንድ ማበጠሪያ መሥራት ጀመርክ አሉ፤ ለሚስቴ አንድ አታስቀርም?» ይሉታል። ስቆ ያልፋል። ቤት ሲገባ ግን እህል አይቀምስም።

«የዱቾል እናት» አለኝ አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብ። ልጃችን ዱቾል ያኔ ወታደር ቤት ነበር። «ድሮ የአገር በሬ ቀንድ እየገጣጠሙ ይሠሩ ነበር አሉ። ጠግቦ ያደገ በሬ ቢሆን...»

«በበሬዬ አትምጣብኝ» አልኩት።

«አርጅቷል እኮ።»

«አንተስ? አንተም አርጅተሃል፤ ማን አረደህ?»

አልሳቀም። ከሥሩ በሚነደው እሳት የሞቀው ወለል ላይ ወደ ተቀመጡት አባቱ ዞረ። በእኚህ ሽማግሌ ዘመን የእሳቸውን ቀስት ያልያዘ ሹም አልነበረም ይባላል።

«አባባ፣ ምን ይላሉ? ግጥሙ ይይዛል?»

ሽማግሌው ፒፓቸው ውስጥ ትምባሆ እየጠቀጠቁ፣ «አንተ ታውቃለህ» አሉ።

ይሆናል አላሉም፣ አይሆንም አላሉም። በእኛ ቤት ምራት የባሏን አባት አትጠይቅም። ነገሩ የማይሆን ቢሆን ዝም አይሉም ብዬ እሺ አልኩ። ጥፋቴ ይህ ነው።

ቡላ ታረደ። ሥጋውን ለሰፈሩ አካፈልን፤ እኔ አልቀመስኩም። ቀስት የሚሠራው በብርድ ወራት ነው፤ ከዓሣ የሚፈላው ሙጫ በሙቀት አይደርቅም። ፒልሶ ቀንዱን ሰነጠቀ፣ በፍም አቃናው፣ እየገጣጠመ ቀርከሃው ላይ ለጠፈው፣ ጀርባውን የቡላን ጅማት አለበሰው። ሙጫ በቀባ ቁጥር ቀና ብሎ «አባባ?» ይላል። «አንተ ታውቃለህ» ይሉታል።

አበባ ሲፈካ ቀስቱን ይዞ ሜዳ ወጣ። አምስት ፍላጻ ወረወረ፣ አምስቱም ዒላማው ላይ አረፉ። ማበጠሪያ ያሉት ሰዎች በእጃቸው የሩዝ ጠላ ቀዱለት፤ ሰባት ቀስትም አዘዙ። ፒልሶ እያለቀሰ ቤት ገባ።

በዚያው ሳምንት ቀንበሩን እኔ ትከሻ ላይ አድርጌ ማሳውን አረስን። እሱ ከኋላ ዕርፉን ያዘ፣ እኔ ጎተትኩ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ግን ቀስቱ አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ የዝናቡ ወር ገባ። ፒልሶ አንድ ቀን ከሰዓት ቀስቱን ሊወጥር ፍም ላይ ሲያሞቀው፣ ቀንዱ ከተገጠመበት ላይ ተላቆ እንደ አሮጌ ጫማ አፉን ከፈተ።

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ወደ ልብስ ሣጥናቸው ሄደው ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ልጃቸው ፊት ፈቱት። ቀስት ነው። የአገር በሬ ቀንድ፣ በዚያችው ቦታ አፉን የከፈተ።

«በሃያ ስምንት ዓመቴ ሠርቼው ነበር» አሉ። «ዝናብ አይችልም። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ምራትነቴን ረሳሁት። «ቡላ ሲታረድ ያውቁ ነበር?»

ወለሉን እያዩ፣ «ከእኔ ይሻል ይሆናል ብዬ ነው» አሉ።

ፒልሶ ይጮህባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሁለቱን ቀስቶች በአንድ ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ መልሶ ከደነው።

«ዱቾል ሲመጣ እንዳትነግሪው» አለኝ።

«ለምን?»

«ሳይፈራ ይሞክረው። ከእኛ ይሻል ይሆናል።»

የታዘዙት ሰባት ቀስቶች ቀሩ። ዱቾል በመኸር ተመለሰ። ከወታደር ቤት እንደወጣ ከግንበኞች ጋር ሠርቶ ባጠራቀመው፣ «ለእናቴ» ብሎ ጥጃ ገዝቶ እየነዳ መጣ። አባቱና አያቱ በር ላይ ቆመው ተቀበሉት። እሱን አቅፈው ሳሙት፤ ከዚያ ሁለቱም የጥጃውን ግንባር፣ ቀንድ የሚበቅልበትን ቦታ አዩ። አየኋቸው።

ልጄ ጫማውን ሳያወልቅ ሣጥኑን ከፍቼ ሁለቱን ቀስቶች እግሩ ሥር አኖርኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ዱቾል ሁለቱንም መገጣጠሚያ በጣቱ ዳሰሰ፣ አባቱን አየ።

«ታዲያ ምን ልታስተምረኝ ነበር?» አለው።

ልጄ በሳምንቱ ፑሳን ወደብ ለሥራ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ቀስት እጁ ነክቶ አያውቅም። ጥጃው አድጎ ያርስልኛል፣ ትከሻዬም አርፏል። ፒልሶ ግን ብርድ በገባ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያጣብቀው ቀንድ ሳይኖረው የዓሣ ሙጫ ያፈላል፤ ሲደርቅበት ጥሎ ሌላ ያፈላል። እኔም ምን ላድርግልህ ብዬ አልጠይቀውም።