አሥረኛው ስም

ፎሱዋ ደሙን ያየችው አባቷ ሰባተኛውን ስም ሲጠሩ ነው። ከቀኝ አፍንጫቸው እንደ ክር ቀጥኖ ወረደና ከንፈራቸው ላይ ቆመ። ሽማግሌው ላሱትና ስምንተኛውን ስም ጠሩ፤ ከብርጭቆው መጠጥ ለሙታን መሬት ላይ ጠብ አደረጉ። ተሰብሳቢው «ይሁን» አለ። ደሙን ከእሷ በቀር ማንም ያየው አይመስልም።

አባቷ አማንኳ የከተማው አለቃ አፈ ንጉሥ፣ ቃል አቀባያቸው፣ ናቸው። በየስድስት ሳምንቱ እሑድ በሚውለው በዓል በአለቃው ግቢ ቆመው፣ ያለፉትን አሥራ አራት አለቆች በየተራቸው እየጠሩ ያጠጣሉ። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። አንድ ስም የዘለለ የአፈ ንጉሥነቱን በትር ያስረክባል። የሰው ደም እዚያ መሬት ላይ ጠብ ካለማ ጉድ ነው፤ በግ ይታረዳል፣ የደማውም ሰው ከዚያ ወዲያ ለሙታን ቃል አያቀርብም። አማንኳ በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ስም አልሳቱም። ፎሱዋም ማለዳ ማለዳ ሲለማመዱ እየሰማች ስላደገች አሥራ አራቱንም ታውቃቸዋለች። ግን ሴት ናት፤ እዚያ አፏን አትከፍትም።

ነገሩ የጀመረው ዝናቡ ሲገባ ነው። መጀመሪያ መነጽራቸውን ማቀዝቀዣው ውስጥ አገኘችው። ቀጥሎ አንድ ማታ፣ እናትሽ ከገበያ ለምን ቆየች ብለው ጠየቋት። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብትላቸው ተቆጡ፤ ለልቤ የደም ማቅጠኛ ኪኒን መዋጤ አይበቃም ወይ፣ ጭንቅላቴን ደግሞ ማን አሳመመው አሉ። እሷም ሆድ ይፍጀው አለች። ለማን ትናገር? የአክስቷ ልጅ ባፎ በትሩን ሊረከብ ተራውን እየጠበቀ ነው፤ ወሬው እሱ ጆሮ ከገባ አለቀ።

ከዚያ ወደ ኩማሲ በሚሄደው ትሮትሮ፣ በሚኒባሱ ውስጥ፣ አንድ አፈ ቅቤ መድኃኒት ሻጭ ተነስቶ ቆመ። የሽማግሌ ጭንቅላት ወንፊት ነው፣ ይህ የሩቅ አገር ዛፍ ቅጠል ቀዳዳውን ይደፍናል እያለ መንገዱን ሙሉ ሰበከ። የእጁን ይስጠው! ፎሱዋ ሁለት ጠርሙስ እንክብል ገዛች። አባቷ ግን፣ የማላውቀው ዛፍ የገዛ አያቶቼን ስም ሊያስታውሰኝ ነው ብለው ሳቁባት። ስለዚህ በየማለዳው እንክብሉን እየከፈተች ዱቄቱን የሚጠጡት ኮኮ ውስጥ ትበትን ጀመር። የበቆሎ አጥሚቱ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ስላለበት ጣዕሙን ይደብቅልኛል ብላ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የተሻላቸው መሰላት፤ ሰው የፈለገውን ያያል። በዓሉ ሲቃረብ ሁለት ሁለት አደረገችው። ትናንት ድዳቸው ደማ፣ ክንዳቸውም ሳይመታ በልዞ ነበር። ከበዓሉ በኋላ እጠይቃለሁ አለች። አይ ፎሱዋ!

«ክዋበና ፍሬምፖን» አሉ አማንኳ። ዘጠነኛው ነው። አሁን ደሙ አገጫቸው ላይ ደርሷል። ባዶ እጃቸውን ከአገጫቸው ሥር ዘረጉና በመዳፋቸው ተቀበሉት። የቀሩት አምስት ስሞች ናቸው። አምስት ብቻ፣ ይጨርሷቸው፣ አለች ፎሱዋ በልቧ። ከዚያ እጃቸውን አየች። መዳፋቸው ሞልቶ ነበር።

ተነስታ በሴቶቹ መካከል አልፋ አደባባዩ መሃል ገባች።

«አግያ፣ አባቴ፣ ይብቃዎት» አለች።

አባቷ እንደማያውቋት ሁሉ አዩዋት። «ተመለሺ» አሉ ቀስ ብለው። «አምስት ነው የቀረኝ።»

«ያደማሁዎት እኔ ነኝ። መርሳት ሲጀምሩ ኮኮዎ ውስጥ የማስታወሻ መድኃኒት ስጨምር ነበር።»

ይህን አለቃውም ሰሙ፣ ሽማግሌዎቹም ሰሙ፣ ባፎም ሰማ። አባቷ እጃቸው ላላና ደሙ መሬት ላይ ፈሰሰ። ባፎ ሮጦ በአንድ እጁ እሳቸውን፣ በሌላው በትሩን ያዘ። ፎሱዋ ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ስትፈራው የኖረችውን ነገር በገዛ አፏ አመጣችው፤ የፈሩት ይደርሳል።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሟ ደሙን ለማቆም ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ፎሱዋን ጥግ አስያዘችና ተቆጣቻት። ቅጠሉም ደም ያቀጥናል፣ ኪኒኑም ያቀጥናል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ይገድላሉ አለቻት። ደግሞ ቅጠሉ በብዙ ሽማግሌዎች ላይ ተሞክሮ መርሳትን አላስቀረም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ መጀመሪያውኑ ብታመጪያቸው ኖሮ አለች። ፎሱዋ ገብታ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ኮኮው ከመጀመሪያው ቀን ይመረኝ ነበር» አሉ አባቷ ጣሪያውን እያዩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ የሚፈውስ ነገር ያገኘሽ መሰለኝ። ከጠየቅሁሽ ትተይዋለሽ ብዬ ፈራሁ። መርሳቴን ከአንቺ በፊት እኔ አውቄው ነበር፣ ፎሱዋ።»

እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። እሳቸውም አልከለከሏትም። ቆይተው የመጠጥ ውሃቸውን ከጠረጴዛው አንስተው የት ላይ ነበር ያቆምኩት ብለው ጠየቋት። ዘጠነኛው ላይ አለቻቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዞረው አዩዋት።

«አዱ ጃምፊ» አለች።

«አዱ ጃምፊ» አሉ፣ ከውሃው ጥቂት የሐኪም ቤቱ ወለል ላይ ጠብ አደረጉ። አሥራ አንደኛውንም ከእሷ አፍ ጠበቁ።