በጥርሳችሁም መሞከር ትችላላችሁ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወይዘሮ ክዳን ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ዘበኛው ነው፤ እያደር አለቃዋም ለመደው። ሥራዋ ሌላ አይደለም፤ በየሰው ቤት የሚገባው የበረሮ መግደያ፣ በረኪና፣ የቱቦ መክፈቻ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ጠርሙሱን ሕፃን ልጅ ይከፍተው እንደሆነ መፈተን ነው። የምትፈትነው ደግሞ በሕፃናቱ በራሳቸው ነው። ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል አለ፤ ትንንሽ ወንበሮች አሉ፤ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ አለ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገቡና መጀመሪያ ዝም ብለው ይታገሉታል። ካቃታቸው እሷ ፊታቸው ከፍታ ታሳያቸዋለች። ቀጥላም ደንቡ ላይ የሰፈረውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትላቸዋለች፦ «አሁን እናንተ ሞክሩ። ከፈለጋችሁ በጥርሳችሁም መሞከር ትችላላችሁ።»

እንግዳ ሰው ይህን ቢሰማ ጉድ ይላል። ግን ሕፃን ልጅ ብቻውን ሲሆን ማንንም አያስፈቅድም፤ እጁ ያቃተውን ወደ አፉ ነው የሚሰደው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ጠርጥረዋል። ስለዚህም ልጆቹ ከክፍሉ ሳይወጡ የሚነገር የስንብት ቃል አስቀምጠዋል፦ «እንዲህ ያለ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ብታዩ እንዳትነኩ። ውስጡ ያለው ያቃጥላል።» ወይዘሮ ክዳን ይህን ሳትናገር ልጅ አሰናብታ አታውቅም ነበር።

ታናሽ ወንድሟ የቱቦ መክፈቻ ፈሳሽ በሚሠራ ፋብሪካ ጠርሙስ ሲሞላ የኖረ ሰው ነው። ፋብሪካው በተራ ክዳን ሲሸጥ ልጆች እየጠጡት ተቃጠሉና መንግሥት በሩን አሸገው። ጎንና ጎኑን ጨምቀው ካላዞሩት የማይከፈት አዲስ ክዳን አምጡ፣ እሱም ይፈተን ተባለ። ወንድምየው ቤት ዋለ። ሥራ የፈታ ወንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል፤ ሚስቱ መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ እግሩን ማንሳት እንኳ ይከብደዋል። እህቱ ዘንድ መመላለስ ጀመረ።

«እታለም፣ የልጆቼን ጉሮሮ የምደፍነው በዚያ ፋብሪካ ነው» ይላታል። «አንቺ እጅ ላይ ነው ያለነው።»

«እኔ ፈታኝ ነኝ እንጂ ፈጣሪ አይደለሁም።»

«ፈጣሪስ ቢለምኑት ይሰማል» ይላል እሱ፣ ሳይስቅ።

አንጀቷን በላው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

የክዳኑ ፈተና የመጨረሻ ቀን ላይ ከመዋዕለ ሕፃናት ከሚመጡት ልጆች አንዱ ትኩሳት ይዞት ቀረ። አንድ ልጅ ከጎደለ ሁሉም ነገር ይራዘማል። የሠራተኛ ዘመድ ለፈተና እንዳይቀርብ ደንቡ ይከለክላል። ወይዘሮ ክዳን ስልኳን አነሳችና ወንድሟን «ሙጫን ይዘህልኝ ና» አለችው።

ሙጫ የአራት ዓመት ልጁ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ እጇ የገባውን አትለቅም። የሰው ቀሚስም ይሁን የድመት ጅራት፣ ከያዘች ያዘች ነው። እንዲህ ያለችን ልጅ ለክዳን ፈተና መጥራት ሞኝነት ነበር፤ ምክንያቱም እስከዚያ ሰዓት ድረስ ደንቡ የሚፈቅደውን ያህል ልጆች ክዳኑን ከፍተውት ነበርና አንድ ልጅ ብቻ ቢጨመር ክዳኑ ይወድቃል።

ሙጫ ታገለች፤ አቃታት። አክስቷ ጎንና ጎኑን ጨምቃ ከፍታ አሳየቻት፤ ጥርስ ያለበትን ቃልም ተናገረች። አብሯት የገባው ልጅ ወዲያው ሰልችቶት አውራ ጣቱን ይጠባ ጀመር። ሙጫ ግን ክዳኑን መንጋጋዋ መሀል አስገብታ ነከሰችና ጠርሙሱን በሁለት እጇ አዞረችው። ተከፈተ። ውሃውን ተጎነጨችለትና አገጯ እየተንጠባጠበ ሳቀች።

«አክስቴ፣ ከፈትኩት!»

ረዳቷ ሌሎቹን ልጆች ሽንት ቤት ልትወስድ ወጥታ ነበር። ወይዘሮ ክዳን ወደ በሩ አየት አደረገችና ጠርሙሱን ከልጅቱ እጅ መንጭቃ ከደነችው። ሙጫ ልታለቅስ ከንፈሯን ስትጥል ከረሜላ አስጨበጠቻት።

«ጎበዝ! ነይ አሁን፣ አባባ ውጭ እየጠበቀሽ ነው።»

እየጎተተች አስወጣቻት። በዚያ ጥድፊያ የስንብቱ ቃል ቀረ። ረዳቷ ስትመለስ «አልከፈተችም» አለቻት፤ ክዳኑም አለፈ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። እሷ በዚያ ሰዓት የታያት ግን ጅቡ ሳይሆን የወንድሟ ፊት ነበር። ክፉ ሴት ብትሆን ነገሩ በቀለለ።

ፋብሪካው ተከፈተ፤ ወንድምየውም ጢሙን ተላጭቶ ሥራው ገባ። ከመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች አንዱን፣ «በሕፃናት የማይከፈት» የሚል የመንግሥት ምልክት ያለበትን፣ ለቤቱ ይዞ መጣ። ሚስቱ ድሮ እንዲህ ያለውን ነገር ቁም ሳጥን አናት ላይ ነበር የምታስቀምጠው፤ ይኼኛውን ዕቃ ማጠቢያው ሥር አኖረችው። «መንግሥት የፈተነው ነው፤ ያውም በእኛይቱ ልጅ!» እያለች ለጎረቤት ታሳያለች።

ስልኩ ሲጮህ ወይዘሮ ክዳን ቢሮዋ ተቀምጣ ሌላ ክዳን እየጨመቀች ነበር። ሆስፒታል ደረሰች። የሙጫ ታናሽ ወንድም፣ ገና አፉን የፈታው ዱባ፣ ከተዘጋው በር ወዲያ ነው። ሐኪሙ ወጥቶ ጉሮሮው እስከ ሆዱ መቃጠሉን፣ ቢተርፍ እንኳ ለብዙ ዓመት በቱቦ እንደሚመገብ ነገራቸውና ተመልሶ ገባ። ሙጫ ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የከንፈሯ ዳር ቀልቷል፤ ማንም ልብ አላላትም።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው!» ወንድምየው ሚስቱ ላይ ይጮሃል። «ስንት ዘመን ቁም ሳጥን ላይ ሲቀመጥ የኖረውን እግር ሥር ያወረድሽው አንቺ ነሽ!»

«ልጅ አይከፍተውም ተባልኩ! ሙጫ እንኳ አቅቷት…»

«ዝም በይ! ልጅ መጠበቅ ያልቻልሽ!»

ሴትዮዋ ወደ ባሏ እህት ዞረች። እንባና ንፍጥ ፊቷ ላይ ተቀላቅሏል። «እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩት እንጂ! አልከፈተችውም አላሉም?»

«አልከፈተችውም» አለች ወይዘሮ ክዳን። ድምፅዋ ፈተና ክፍሉ ውስጥ እንደነበረው ነው።

«ፈትኜው ነው» አለች ሙጫ ካለችበት ሆና።

ሁሉም ዞሩ።

«ዱባን ፈተንኩት። መጀመሪያ ብቻውን ታገለ፣ አቃተው። ከዚያ ከፍቼ አሳየሁት፤ መልሼ ትንሽ ከደንኩለት። አሁን አንተ ሞክር፣ ከፈለግህ በጥርስህም መሞከር ትችላለህ አልኩት። አክስቴ እንዳለችው።» ሁለት እጇን አጋጠመች። «ሲከፍተው አጨበጨብኩለት።»

አባቷ ቀስ ብሎ ቀረባት። «አንቺ ከፍተሽ አሳየሽው?»

«አዎ። አክስቴ ጋም ከፍቼዋለሁ። ውሃውን ጠጣሁት፣ ጎበዝ አለችኝ። አይደል አክስቴ?»

እናትየው እንባዋን መጥረግ ትታ የወይዘሮ ክዳንን አፍ ታያለች። አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር። «አዎ» ብትል ልጁን አታድነው ይሆናል፤ እናቲቱን ግን ዕድሜ ልኳን ከምትሸከመው ጥፋት ታወጣት ነበር፤ ይህቺን ሕፃንም እንዲሁ። ወይዘሮ ክዳን ወንድሟን አየችው። በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው ያላት።

«ልጅ አይደለች» አለች። «ደንግጣ ነው የምትቀባጥረው። እኔ ዘንድ አልከፈተችም።»

አባቷ ሙጫን የመታበት ጥፊ ኮሪደሩ ውስጥ አስተጋባ።

«ወንድምሽን በላሽው! አሁን ደግሞ ትዋሻለሽ?»

እናትየው ልጇን ለማስጣል እንኳ አልተነሳችም። ሙጫ አላለቀሰችም። ጉንጯ ላይ የአባቷ ጣቶች እየቀሉ፣ አክስቷ አንድ ነገር እስክትል ድረስ ዓይን ዓይኗን እያየች ጠበቀች። ወይዘሮ ክዳን ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን በረበረች፤ ከረሜላ አወጣችና በትንሿ መዳፍ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት።

ሙጫ የተጨበጠ እጇን አየች። ከዚያ ጣቶቿን ዘረጋጋችና ከረሜላውን መሬት ላይ ለቀቀችው።